ሚያዝያ 27 በጎጃም፦ ስለ አርበኞችና ስለ ዘማቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአርበኞች ቀን ሲቃረብ ከእድር ዳኞች፣ ከመምህራን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከአገር ርቀው ከሚኖሩ የጎጃም ልጆች የሚነሡት ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጡም። ታሪኩን የሚጠይቁ አሉ፤ ስለ ድግሱ የሚጠይቁ ይበዛሉ፤ ስለ ጡረታ ወረቀት የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው። እዚህ ግን ሰፊውን ቦታ የያዙት ጥቂቶቹ ናቸው።

በዓሉ ለምን ሚያዝያ 27 ሆነ?

ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማዋ የገቡት ደግሞ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዙሮት ነበር፤ አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው በዚያ ዕለት ነውና። ለጎጃም ሰው መጋቢት 28ም ባዶ ቀን አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት በዚያው ዕለት ነው። ከደርግ በኋላ ሚያዝያ 27 ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ዛሬም ሥራ የሚዘጋበት ብሔራዊ በዓል ነው።

በዚህ ድል የጎጃም ድርሻ ምን ነበር?

ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩና ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው የጎጃም መንገድ ነው፤ በበላያ ተራራ አድርጎ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ደምበጫ፣ ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ። አብሯቸው የዘመተው፣ እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ወታደሮች የነበሩበት ሲሆን ከሁለት ሺህ ሰው ብዙም አይበልጥም። በየምሽጉ የተቀመጠው የጣልያን ጦር ከዚህ እጅግ ይበዛ ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ጦር እንዴት አለፈ? ጠላት ከምሽጉ ወጥቶ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያደረገው የአገሬው አርበኛ አስቀድሞ ሥራውን ስለ ሠራ ነው። ጣልያን የገበሬውን ጠብመንጃ ልሰብስብ ብሎ ከተነሣ ወዲህ፣ በተለይም ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጎጃም አልተኛም። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በዳንግላ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ የየራሳቸውን ጦር ይዘው ይዋጉ ነበር። ሁልጊዜ ይስማሙ ነበር ማለት አይደለም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን የገባው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ልዑክ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ መንገሻንና ነጋሽን ማስማማት ነበር። በየዓመቱ በመድረክ የሚነገረው ታሪክ ግን ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው የዘመቱ ያስመስላል። ተጣልተውም ታርቀውም ጠላትን መመከታቸው ቢነገር ክብራቸው የሚቀንስ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ለዛሬው ሰው የሚበጀው ይኸኛው ታሪክ ነው።

ስማቸው በመድረክ የማይጠራ ሌሎችም አሉ። ሌሊት ስንቅ እየቋጠሩ በረሃ ያደርሱ የነበሩ ሴቶች፣ ከጣልያን ቢሮ ወሬ ያወጡ የነበሩ የውስጥ አርበኞች፣ ቁስለኛ የደበቁ ገዳማት። የትምህርት ቤት ዝግጅት ካለ ስለ እነዚህ ከየቤቱ አያት ጠይቆ የሚመጣ ተማሪ ከሙሉ መድረክ ንግግር ይሻላል።

በላይ ዘለቀን የሰቀለው ያው የነፃነቱ መንግሥት አይደለም እንዴ? በበዓሉ እንዴት እናነሣዋለን?

አዎ፣ ሰቅሎታል። ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ያስተዳድር ነበር። ከበላዮቹ ጋር ተጋጨ፣ ሸፈተ፣ ተከብቦ ተያዘ፤ የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ከእስር አምልጦ እንደገና ሲያዝ ግን ምሕረት አላገኘም፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ በወረራው ዘመን ከጣልያን ጋር የቆመ ሰው ነበር። አርበኛውና የጠላት ወገን የነበረው በአንድ ቀን መሰቀላቸው በጎጃም እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጥ ነገር ነው።

አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ዛሬ ስሙ በአዲስ አበባ መንገድና ትምህርት ቤት፣ በባሕር ዳርም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አለ። ለልጆች ሲነገር የምሽግ ሰበራው ብቻ ተነግሮ አሟሟቱ ሲዘለል አልወድም። አገር ባለ ውለታውን እንዴት ልትበድል እንደምትችል ከዚህ የበለጠ ማስተማሪያ የለም፤ የበዓሉም ቁም ነገር ያው አይደል?

ጣልያንን የተዋጉት አልፈዋል። እንግዲህ የምናከብረው ማንን ነው?

በ1933 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ለእነርሱ የሚቀረው ጸሎተ ፍትሐት፣ መታሰቢያና የመቃብራቸው እንክብካቤ ነው። እርሱም ቢሆን ተረስቷል፤ በየደብሩ ቅጽር ውስጥ ስማቸው የተፋቀ የአርበኛ መቃብሮች ሞልተዋል። አንድ ባልዲ ቀለምና ፊደል የሚጥል አንድ የቆሎ ተማሪ ቢገኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በሕይወት ያሉት ባለ ውለታዎች ግን ሌሎች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. እርሻቸውን ትተው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ኦጋዴን የዘመቱ ሚሊሻዎች አሉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የነበሩ አሉ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ከየቀበሌው የተወሰዱ፣ ኤርትራ ተራሮች ላይ ወጣትነታቸውን የጨረሱ አሉ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ባድመና ጾረና የነበሩ አሉ። ከእነርሱ በኋላ የዘመቱም አሉ። እነዚህ ሰዎች በዓል ሲመጣ ስለ አባቶቻቸው ጀግንነት ይሰማሉ፤ እነርሱን ግን ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። ሚያዝያ 27 የጣልያን ዘመን አርበኞች ቀን መሆኑ አያከራክርም። ቢሆንም በሕይወት ያለውን ዘማች በዚያ ቀን ማሰብ የሞቱትን መንፈግ አይደለም።

ከአንድ መንደር በተቃራኒ ጎራ የተዋጉ አሉ። አንድ ላይ ልንጠራቸው እንችላለን?

ይቻላል፤ በጥንቃቄ። ጎጃም በየካቲት 1983 ዓ.ም. በኢሕአዴግ ጦር ዘመቻ ቴዎድሮስ ከደርግ እጅ ስትወጣ በአንዱ በኩል የአንድ እናት ልጅ፣ በሌላው በኩል ወንድሙ የነበረበት ቤት ነበር። ዛሬ ያው ሁለቱ በአንድ እድር ናቸው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀብረዋል። እድሩ ያስታረቀውን መድረክ እንዳያጣላው፣ ንግግሩ የትኛው መንግሥት ትክክል ነበር ወደሚለው እንዳይሄድ አስተባባሪው አስቀድሞ ከተናጋሪዎቹ ጋር ይነጋገር። እያንዳንዱ ሰው ስሙ፣ የዘመተበት ቦታና ዘመኑ ቢነበብለት ይበቃል።

አያቴ ባንዳ ነበር ይባላል። በበዓሉ ላይ ብገኝ ነውር ነው?

ነውር የለውም። የጎጃም ታላቁ ቤት ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለጣልያን አደሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ኃይሉ በለው ደግሞ አርበኛ ሆነው ተዋጉ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅና የልጅ ልጅ እንዲህ ከተለያዩ ተራው ገበሬ ቤት ምን እንደ ነበረ መገመት አይከብድም። ባንዳነት በዘር አይወረስም፤ አርበኝነትም እንዲሁ። "የአርበኛ ልጅ ነኝ" እያለ ጎረቤቱን የሚሰድብ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፤ እርሱን ወንበር ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ነው።

ዝግጅቱ ምን ይምሰል?

አጭር ይሁን። ሰማንያ ዓመት የሆነውን ሰው ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ስለ ክብሩ መናገር ክብር አይደለም። ጥላና ወንበር፣ የሚጠጣ ውኃ፣ በቅርብ የሚገኝ መጸዳጃ ቤት፤ መጀመሪያ የሚታሰቡት እነዚህ ናቸው። ከሰባኪውና ከባለ ሥልጣኑ በፊት ዘማቹ ይናገር፤ መናገር ካልፈለገ አይገደድ።

ፉከራና ቀረርቶ ያለ ጎጃም ምን በዓል አለ! ልጆቹ ይፎክሩ፣ መሲንቆም ይምጣ። ግጥሙ ግን ጀግናን የሚያወድስ እንጂ ሌላውን ሕዝብ የሚዘልፍ እንዳይሆን መምህሩ አስቀድሞ ያድምጠው።

ተኩስ ፈጽሞ አይፈቀድ። አንደኛ፣ ጦር ሜዳ ውለው የመጡ ሰዎች ተኩስ ሲሰሙ ምን እንደሚሆኑ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያውቃል፤ ከፊት ረድፍ የተቀመጠው አዛውንት እጁ ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ እልል እያለ አያየውም። ሁለተኛ፣ አካባቢው ባለፉት ዓመታት ካየው ግጭት ጋር ለበዓል የተተኮሰና ለሌላ የተተኮሰ አይለይም። ለዚሁ ሲባል መሰባሰብ በማይመችበት ዓመትና ቦታ በዓሉን ወደየቤቱ መበተን ይሻላል፤ አምስት ወጣት አንድ ዘማች ቤት ቢሄድ ሰልፍ አይጠይቅም።

የምስክር ወረቀት እናሳትም?

ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ።

በተግባር የሚጠቅማቸው ምንድን ነው?

ገጠር ከሆነ መጀመሪያ እርሻው። ሚያዝያ መጨረሻ ማሳ የሚታረስበት፣ የበቆሎ ዘር የሚታሰብበት ወቅት ነው። በሬው የሞተበት ወይም ጉልበቱ የከዳው አዛውንት የሚፈልገው ደቦ ነው። በበዓሉ ማግስት አሥር ጥማድ በሬ ቢወጣለት ዓመቱን ሙሉ ይጠቅመዋል። የማዳበሪያ ወረፋም ሌላ ሸክም ነው፤ ወጣት ይሰለፍላቸው።

ቀጥሎ ጤና። ዓይናቸውን የዓይን ሞራ የጋረደባቸው፣ በትራኮማ የተጎዱ ብዙዎች "እርጅና ነው" ብለው ተቀምጠዋል። ሞራ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ የሚያስፈልገው ሆስፒታል ድረስ የሚወስድ ሰውና የመጓጓዣ ገንዘብ ነው። እግሩን ላጣ ሰው ባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ የአካል ድጋፍ ማዕከል አለ። አሮጌ እግር ይሰነጠቃል፣ ይጠብባል፣ ያቆስላልና ሃያ ዓመት በአንዱ ሲያነክስ የሚኖር ሰው ካለ መለወጥ እንደሚቻል ይነገረው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ። ዓመታዊ መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ የሚከፈል በመሆኑ እድር ሊከፍለው የሚችል ነው። ምዝገባው ብዙ ጊዜ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ ሚያዝያ ላይ የተዋጣው ገንዘብ እስከዚያ ተቀምጦ መቆየት ይኖርበታል።

በመጨረሻ እንቅልፍ። ሌሊት የሚጮኹ፣ ሰው የሚሸሹ፣ መጠጥ ውስጥ የገቡ ዘማቾችን "ለከፈው" ብሎ መተው የተለመደ ነው። ጠበል የሚወስዳቸው ይውሰዳቸው፤ ከጠበሉ ጎን ለጎን ጤና ጣቢያ ማድረስ ደግሞ ከሃይማኖት ጋር አይጣላም። አንዱን ለሌላው ብሎ ማስቆም ነው የሚጎዳው።

ጡረታ ይገባቸዋል? ወረቀት የላቸውም እኮ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው።

ጡረታ ችሮታ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት ከሠራዊቱ አባል ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጥ፣ መንግሥትም በበኩሉ 25 በመቶ ያዋጣ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1267 ወጥቷል። እንግዲህ ማን ምን ይገባዋል ለሚለው ሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ የአገልግሎት ጡረታ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ በግዳጅ ላይ ተጎድቶ የመሥራት ችሎታውን ያጣ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ አጭር ቢሆንም የጉዳት ጥያቄ አለው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሁለት ዓመት ሄዶ ቆስሎ የተመለሰው ሰው ይህን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ባለ መብቱ ሲሞት ተተኪዎቹ ይጠይቃሉ። በአዋጅ 714 የትዳር ጓደኛ የሟቹን ጡረታ ግማሽ፣ ልጅ ደግሞ 20 በመቶውን ያገኝ ነበር።

ችግሩ ማስረጃው ነው። ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ከ400 ሺህ በላይ ሰው ነው ወደየቤቱ የተመለሰው። ከፊሉ ሱዳን አቋርጦ፣ ከፊሉ በእግሩ፤ መታወቂያውን ቀብሮ ወይም አቃጥሎ የመጣ ብዙ ነው። በተሃድሶ ካምፕ ያለፉት ግን የሆነ ቦታ ተመዝግበዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚገኘው ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ይሰብሰብ፦ የስንብት ደብዳቤ፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የተሃድሶ ካርድ፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ በጀርባው ጽሑፍ ያለበት ፎቶግራፍ። የክፍለ ጦሩ፣ የብርጌዱና የሻለቃው ስም፣ የመለያ ቁጥሩም ከትዝታ ይጻፍ። የማዕረግ ስምና የሠልጣኝነት ዘመን ከተገኘ መዝገብ መፈለግ ይቀላል።

ሁለተኛው እንቅፋት ስም ነው። በጦሩ "ደሳለኝ" ተብሎ የተመዘገበ ሰው በቀበሌ "ደሴ" ሆኖ ይገኛል፤ የአያት ስም በአንዱ ወረቀት አለ፣ በሌላው የለም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት በምስክር እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ። ለባሏ ጡረታ የምታመለክት እናትም እንዲሁ ናት። በሽማግሌ የተዳረች፣ የጋብቻ ወረቀት የሚባል አይታ የማታውቅ ከሆነች ጋብቻዋን የሚመሰክሩላት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጉዳዩ ይጀመር። ጥያቄ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ መኖሩም መዘንጋት የለበትም።

ፊደል የቆጠረ አንድ ወጣት በዓሉን አስታኮ የአንድን ዘማች ፋይል ይያዝ። ማመልከቻ መጻፍ፣ ቅጂ ማንሣት፣ "ነገ ተመለሱ" ሲባል ነገ መመለስ። አዛውንቱ ብቻውን ቢሄድ በሁለተኛው ቀጠሮ ይተወዋል።

ቤታቸው ስሄድ ምን ልጠይቅ? ምንስ አልጠይቅ?

"ስንት ሰው ገደሉ?" አይባልም። ልጆች ይጠይቁታልና አስቀድሞ ይመከሩ። የሚሻለው በዙሪያው መግባት ነው። አያ፣ ከቤት የወጣችሁ ዕለት ማን ሸኛችሁ? ምን ስንቅ ነበራችሁ? ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ማን ነበር? ከአገራችን ልጅ አብሯችሁ የነበረው ማን ነው? እንዲህ ሲጠየቁ ብዙዎች ራሳቸው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ካልሄዱም ደህና።

ድምፅ በስልክ መቅዳት ጥሩ ነው፤ ፈቃዳቸው ይቅደም። የቦታና የሰው ስም ሲጠሩ ፊደሉን ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በኋላ የሚያጣራው የለም። ቅጂው ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ቤተሰቡ ከተስማማ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን የማንንም ዘማች ስም፣ ፊትና መንደር አንድ ላይ አድርጎ መለጠፍ በዚህ ጊዜ ለሰውየው አደጋ ነው። ይቅር።

በዓሉ ከጾም ወይም ከፋሲካ ጋር ቢገጥምስ?

ይገጥማል። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። ዐቢይ ጾም ካላለቀ ምግቡ የጾም ይሆናል። ፋሲካ ከሆነ ደግሞ ሰው በቤቱ ስለሚውል ዝግጅቱን ወደ ማግስቱ አዙሮ ከበዓሉ እርድ ቅርጫ መድቦ ለዘማቹ ቤት መላክ ይቻላል።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ገንዘብ ብልክ ማን ይይዘዋል?

ለአንድ ሰው በግል ተልኮ "ለአርበኞች አካፍል" ማለት ወዳጅነት ያበላሻል። የሚሻለው እድር ነው፤ መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሰው ይጠይቀዋል። ገንዘቡ በእድሩ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ለምን እንደ ተላከ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ይህን ያህል ለጤና መድን፣ ይህን ያህል ለዓይን ሕክምና መጓጓዣ፣ ይህን ያህል ለፋይል ማስኬጃ ተብሎ ይከፈል። ደረሰኙ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይላክልኝ ብሎ መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ደህና ገንዘብ ያዥ እንዲያውም ደስ ይለዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ልኮ ከመጥፋት በየዓመቱ የጤና መድኑ ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ጥቂት መላክ ይበልጣል።